ግራ የገባው ስቴሪዮ

ባለቤቴ በእኔ ላይ ያላት ክስ አንድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትጨምርበትና ሳትቀንስለት አንድ ዓይነት ክስ። «መኪና ውስጥ ስንሆን ሰው ትሆናለህ፤ ቤት ስንገባ ትዘጋኛለህ።»

እውነቷን ነው። መኪና ውስጥ እናወራለን። ከመገናኛ ሳሪስ እስክንደርስ የልጆቹን ትምህርት፣ የዘመድ ለቅሶ፣ የሽንኩርት ዋጋ ሳይቀር አንስተን እንጥላለን። ቤት ገብተን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ግን እሷ ትናገራለች፣ እኔ ቴሌቪዥን አያለሁ። ሦስቴ ተናግራ መልስ ስታጣ «ግድግዳ ነው እንዴ ያገባሁት!» ብላ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ስትሄድ አይና «ምን ሆና ነው?» እላለሁ። ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ባል የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የራሷን ትንታኔም አዘጋጅታ ነበር። «መኪና ውስጥ የምታወራኝ በር ከፍተህ መውረድ ስለማትችል ነው» የሚል። አማቴ በበኩላቸው «ወንድ ልጅ ሃምሳ ሲሞላው ዝም ይላል፤ አባትሽም እንዲሁ ነበሩ» ብለው አጽናንተዋታል። እኔ ምንም መከላከያ አልነበረኝም። ሆን ብዬ እንደማልዘጋት አውቃለሁ፤ ግን «ሆን ብዬ አይደለም» የሚል ባል በየትኛው ችሎት ተሰምቶለት ያውቃል?

ይህን ክስ እዚህ ጋ ያዙልኝና ስለ አንዲት ፔዳል ላውጋችሁ።

ፔዳል ስላችሁ የብስክሌት እንዳይመስላችሁ። ጊታር ተጫዋቾች መሬት ላይ አስቀምጠው በእግራቸው እየረገጡ የጊታራቸውን ድምፅ የሚለውጡባት፣ መጠኗ ከልጅ ምሳ ዕቃ የማይበልጥ የብረት ሣጥን ናት። ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ በመንገደኛ እጅ ላከልኝ። ይህ ጸሐፊ ከ1986 እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ ቀን ቀን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ማታ ማታ የአንድ ጭፈራ ቤት ባንድ ጊታር ተጫዋች ነበር። ትዳር ሲመጣ ጊታሩ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ሆነ። ወንድሜ በስልክ «ያኔ በፎቶ እያየህ ትመኘው የነበረውን የቴፕ ኤኮ ነው የላክሁልህ። አሁንስ ሰበብ የለህም» አለኝ።

የቴፕ ኤኮን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ በካሴት ዘመን ማደግ ይበቃል። የካሴቱ ክር የሚነካውን፣ ሲቆሽስ በአልኮል የምንጠርገውን የቴፑን ሄድ ታስታውሳላችሁ። አሁን ሁለት ሄድ አስቡ። አንደኛው የምትሉትን ይቀዳል። ሁለተኛው አምስት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ተቀምጦ የተቀዳውን ያነባል። ክሩ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ከአንዱ ሌላው ዘንድ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ግድም ይፈጅበታል። ስለዚህ «ሰላም» ስትሉ ከሩብ ሰከንድ በኋላ አንድ «ሰላም» ይመለስላችኋል። ያ የተመለሰው ደግሞ እንደገና ወደ መቅጃው ቢላክ ሌላ «ሰላም»፣ ከዚያም ሌላ። የገደል ማሚቶን ሣጥን ውስጥ መክተት ማለት ይኸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሜምፊስ ከተማ፣ የሰን ስቱዲዮው ሳም ፊሊፕስ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ውስጥ ሁለት የአምፔክስ ቴፖችን እያገናኘ ይህንን ያደርግ ነበር። የኤልቪስ ፕሪስሊ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ላይ ድምፁን ተከትሎ ጧ! የሚለው ምላሽ የዚያ ውጤት ነው። በዚያው ዘመን ሬይ በትስ የሚባል የኢሊኖይ ሰው ቴፑን አምፕሊፋየር ውስጥ ቀበረውና የኤልቪስ ጊታር ተጫዋች ስኮቲ ሙር በየመድረኩ ይዞት ዞረ። ከዚያ ኤኮፕሌክስ መጣ። ጃፓኖቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ሮላንድ በሚባለው ኩባንያቸው «ስፔስ ኤኮ» አርኢ-201ን አወጡ፤ አንድ የሚቀዳ፣ ሦስት የሚያነቡ ሄዶች ያሉት፣ ክሩም ያለ ሪል ሣጥኑ ውስጥ እየተልፈሰፈሰ የሚዞር። እኛ ባንድ ውስጥ ሳለን ከአንድ መጽሔት ላይ ቆርጠን ግድግዳ ላይ የለጠፍነው እሱን ነበር። ሌሎች የቆንጆ ሴት ፎቶ ይለጥፋሉ።

ኤኮ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ሠርግ አዳራሽ ገብቶ «ሙሽሮቻችን... ቻችን... ቻችን...» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? መድረክ መሪው «ኤኮ ጨምርልኝ» ይላል፤ ባለ ሳውንዱ ይጨምርለታል፤ ከዚያ በኋላ የሙሽራው አባት ምን እንደተናገሩ የሚያውቅ ሰው የለም። የቴፕ ኤኮ ግን ከዚህ ይለያል፤ ልዩነቱም ጉድለቱ ነው። ክር ድምፅን በቀዳ ቁጥር ትንሽ ይበላዋል። መጀመሪያ የሚበላው ደግሞ ቀጭኑን፣ ስሉን፣ የሚያብረቀርቀውን ድምፅ ነው። ሁለተኛው ምላሽ ከመጀመሪያው የደበዘዘ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው የደበዘዘ ይሆናል፤ እየራቀ እንደሚሄድ ሰው። በዚያ ላይ ይዋዥቃል። በልጅነታችን የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደመጣበት ድምፁ ሲጎተት፣ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣው አልነበር? ያ መጎተት በጣም ሲያንስ፣ የማይታወቅ እስኪመስል ሲያንስ፣ ድምፁን ነፍስ ይዘራበታል።

እነዚህ የዛሬዎቹ ፔዳሎች ውስጣቸው ክር የለም። ቺፕ ነው። ኢንጂነሮቹ ቁጭ ብለው የክሩን ማርጀት፣ የሞተሩን መንገዳገድ፣ የሄዱን መቆሸሽ አስልተው በሒሳብ ሠርተውታል። እንዲያውም የእኔዋ «የክር እርጅና» የሚል ማዞሪያ አላት። ስታዞሩት ድምፁ በደቂቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ያረጃል። እኛ አዲስ ለመምሰል የምናወጣውን ገንዘብ ፈረንጆቹ አሮጌ ለመምሰል ሲያወጡት ማየት ያስቃል።

ታዲያ ፔዳሏ ሁለት መውጫ አላት፤ ግራ እና ቀኝ። በአንድ አምፕ ብቻ ስጫወትባት ሰነበትሁ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ፊልም እንደማየት ነው! ሁለት አምፕ ፈልግና በስቴሪዮ ስማት።»

ስቴሪዮን የፈጠረው ኢኤምአይ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ኢንጂነር አላን ብሉምላይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ተዋናዩ ስክሪኑ ላይ በዚህ በኩል እየሄደ ድምፁ በዚያ በኩል ሲመጣ አማረረ ይባላል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ለፈጠራው የባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ። (ስቴሪዮ የተወለደው ባል ለሚስቱ ሲያማርር መሆኑን ልብ በሉልኝ።) ምሥጢሩ ጆሯችን ሁለት መሆኑ ነው። ከግራ የሚመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ ዘንድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ቀኝ ጆሮ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ጭንቅላታችን ስለጋረደው፣ በተለይ ቀጭኑ ድምፅ፣ ደከም ይላል። አእምሯችን ይህቺን ጥቂት ልዩነት ይዞ «ከዚያ ነው የመጣው» ይላል። ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ ይህን ሒሳብ ስንሠራ ነው የምንውለው።

ሁለተኛውን አምፕ ዛሬ ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ ከሚያከራይ የድሮ ባንድ ጓደኛዬ ተዋስሁ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ለቅሶ ስትሄድ ሶፋውን ገፋሁና ሥራ ጀመርሁ። ሥራው የጠበቅሁትን ያህል ቀላል አልነበረም። ከአሜሪካ የመጣው አዳፕተር ላይ «120 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ስላለ አልሰካሁትም፤ ያልተነበበ ጽሑፍ በዚህ ከተማ ስንት ብሌንደር አቃጥሏል! መርካቶ ወርጄ ባለ 9 ቮልት ገዛሁ። ፔዳሎች ከብዙው ዕቃ በተቃራኒ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ እንዲሆን ይፈልጋሉና ሻጩ ሦስት ዓይነት አውጥቶ አሰልችቼው ነው ትክክለኛው የተገኘው። ቀጥሎ ሁለቱን አምፖች በሁለት ግድግዳ ላይ ባሉ ሶኬቶች ስሰካ ቤቱ ውስጥ የንብ መንጋ ገባ፤ እምምምም የሚል። ሁለት አምፕ በአንድ ፔዳል ሲገናኙና መሬታቸው በተለያየ መንገድ ሲሆን የሚመጣ ጣጣ ነው። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ስሰካቸው ንቡ ቀነሰ። «የምድር ሽቦውን ቆርጠህ ጣለው» ያለኝ ሰው ነበር። እንዳታደርጉት፤ ሰው ይገድላል።

አምፖቹን በሁለት ሜትር አራርቄ፣ እኔም ከሁለቱም ሁለት ሜትር ርቄ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ማዕዘን ማለት ነው። ፔዳሏን ምላሹ እየተፈራረቀ እንዲመጣ አደረግኋት፤ አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ በግራ፣ እንደገና በቀኝ። አንድ ክር መታሁ።

ቀኙ ጥርት ብሎ መጣ። ግራው ጋቢ ተከናንቦ መጣ።

እንደገና መታሁ። ቀኝ፦ ጥርት። ግራ፦ ጋቢ። በዚያ ላይ ግራው ከግራ የሚመጣ አይመስልም፤ ሁሉም ነገር ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የተዋስሁትን አምፕ ነው። የሰው ዕቃ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይጠረጠራል። ተነስቼ የግራውን አምፕ የቀጭን ድምፅ ማዞሪያ ጨመርሁት። ትንሽ ተሻለ። ደግሜ ጨመርሁት። ጋቢው ተነሳ ማለት ሲጀምር መኝታ ቤት የነበረችው የ17 ዓመት ልጄ ጆሮዋን ይዛ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ምንድነው እሱ? ጆሮ ይበሳል እኮ!»

«የቱ?»

«ያኛው ነዋ! የግራው! እንደ ፉጨት ነው።»

«የግራው ነው የታፈነው» አልኋት።

«የምን የታፈነ? እየጮኸ?» ብላ በሩን ዘግታ ተመለሰች። የዘመኑ ልጆች ጆሯቸው በኢርፎን ተበላሽቷል ብዬ አለፍሁት። በእውነት እንዲያ ነው ያሰብሁት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ላለማሰልቸት አሳጥሬ ልንገራችሁ። ገመዶቹን አቀያየርሁ፤ ግራው እንደታፈነ ነው። የፔዳሏን ሁለት መውጫዎች አለዋወጥሁ፤ ግራው እንደታፈነ ነው። አንደኛው አምፕ ሲገፋ ሌላው የሚስብ ከሆነ ድምፅ ይሳሳል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እሱንም መረመርሁ። በመጨረሻ ወገቤን ይዤ ሁለቱን አምፖች ተሸክሜ ቦታ አቀያየርኋቸው። የኔው የራሴ፣ ለዓመታት የማውቀው አምፕ ግራ ላይ ሲቀመጥ ጋቢ ለበሰ። የተዋስሁት ቀኝ ላይ ሲሄድ ጠራ።

አሃ! ቤቱ ነው አልሁ። በግራ በኩል ወፍራም መጋረጃና የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ፤ እነሱ ናቸው ድምፁን የሚበሉት። ይህንን ለማረጋገጥ አምፖቹን ሳልነካ ወንበሬን አዞርሁና ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥሁ። መጋረጃው ከሆነ ጥፋተኛው፣ አሁን የታፈነው ድምፅ በቀኜ መምጣት አለበት። ክሩን መታሁ።

በቀኜ የመጣው ጥርት ያለ ነበር። የታፈነው በግራዬ ነው።

ጥፋቱ ከእኔ ጋር ዞረ።

ጊታሩን ታቅፌ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ፔዳሏ የመጨረሻዋን ድምፅ እየደጋገመች፣ እያደበዘዘች ጨረሰች። ከዚያ የልጄን ኢርፎን ተውሼ በቀኝ አደረግሁት፤ በግራ አደረግሁት። ከዚያ በላይ ሙከራ አላስፈለገም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለውን ተረት ስለ ሐሜት የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ተስፋዬ ሁሉ ኩክ ላይ ነበር። ጆሮዬ በኩክ ተደፍኖ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ሐኪሙ አየና «ንጹሕ ነው» አለኝ። በሕይወቴ ንጹሕ መባል እንደዚያ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ድምፅ የማያስገባ ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል ውስጥ አስገቡኝና «ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፉን ተጫን» ተባልሁ። ስወጣ ወረቀት አሳዩኝ። የቀኝ ጆሮዬ መስመር ለዕድሜዬ ደህና ነው። የግራው እስከ 2000 ሄርዝ ድረስ አብሮት ይሄድና ከዚያ በኋላ ገደል ይገባል፤ 4000 አካባቢ ከገደሉ ሥር ነው።

ሐኪሙ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኝ። ወፍራሙ ድምፅ ይሰማኛል። ሰው እየተናገረ መሆኑን አውቃለሁ። የሚጠፉኝ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ» የመሳሰሉት፣ ቃልን ከቃል የሚለዩት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ደግሞ ይብሳል። «ባለቤትዎ በየት በኩል ነው የሚቀመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚያች ወንበር ላይ ነው ያዝሁላችሁ ያልኋችሁ ክስ መፍትሔ ያገኘው። መኪናችን መሪው በግራ ነው። ስነዳ ባለቤቴ በቀኜ ናት። ሶፋው ላይ ግን፣ ለወጥ ቤቱ ስለሚቀርብ፣ በግራዬ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣላነው በመቀመጫ ነው። መሥሪያ ቤት በግራዬ የሚቀመጠው ልጅ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ የማይሰጠኝም ለካ ሰጥቶኝ ሰልችቶት ነው።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ጉዳቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን የመስሚያ ነርቭ ላይ የበቀለ ዕጢ አለመኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል ብሎ ኤምአርአይ አዘዘልኝ። አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፣ ቢገኝም በአመዛኙ ካንሰር አይደለም አለኝ። «ዕጢ» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ግን ሰው በደንብ አይሰማም፤ በጤናማ ጆሮም ቢሆን። (በነገራችን ላይ መስማት በድንገት፣ በአንድ ሌሊት ከጠፋባችሁ ያው ነው ይመለሳል ብላችሁ አትቀመጡ። በቀናት ውስጥ የሚጀመር ሕክምና አለው ብሎኛል።)

ተነስቼ ውጤቱን እስካገኝ ዐሥር ቀን ቆየሁ። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ሶፋው ላይ እየተቀመጥሁ፣ በግራዬ ስትናገር አንገቴን አዙሬ ከንፈሯን እያየሁ እመልስላት ጀመር። «ምን ነክቶህ ነው ዛሬ ዓይኔን የምታየው?» አለች። ደስ ብሏታል። እኔ ደግሞ ያ ደስታዋ ሆዴን በላው።

ውጤቱ ደህና ነበር፤ ዕጢ የለም። የተረፈው ጥርጣሬ ድምፅ ራሱ ነው። መድረክ ላይ የምቆመው በባንዱ ቀኝ ጠርዝ ስለነበር ከበሮ መቺው በግራዬ ነበር። ትልቁ ሲምባል ከግራ ጆሮዬ አንድ ክንድ አይርቅም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ሠራተኛ በቀን ስምንት ሰዓት ሊቆይበት የሚችለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው ይላል። በየሦስት ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደረስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ነው። ሲምባል አጠገብ ለቆመ ሰው 100ን ማለፍ ምንም ማለት አይደለም፤ እኛ ደግሞ የምንጫወተው በሳምንት አራት ማታ፣ በማታ አራት ሰዓት ነበር። ለአምስት ዓመት።

ጆሯችን ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ጭራ መሰል ሴሎች አሉ፤ በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ግድም። የቀጭን ድምፅ ተቀባዮቹ መግቢያው ላይ ናቸው፤ እንደ በር ላይ ምንጣፍ ሁሉም የሚረግጠው እነሱን ነው። ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ዶሮ ግን መልሳ ታበቅላለች! ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ዶሮ ወጥ ስበላ አንድ ዓይነት ቅናት ይሰማኛል።

ኪቦርድ ተጫዋቻችን አንድ ማታ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ መጥቶ ነበር። ምን ያላልነው ነገር አለ! «ከራሱ ሙዚቃ የሚደበቅ» አልነው። በሦስተኛው ቀን አወጣው። ጥጥ እምብዛም እንደማያድን፣ ለዚሁ የተሠራ መድፈኛ እንደሚያስፈልግ ዛሬ አውቃለሁ፤ ግን ከስድስታችን ጆሮ እንዳለው ያወቀ እሱ ብቻ ነበር። አሁንም ሠርግ ስሄድ እስፒከሩ ሥር ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ሕፃናት ተቀምጠው አያለሁ። እናቶቻቸው ጆሮ ለጆሮ እየተጯጯሁ ያወራሉ። ጮክ ካላለ ደመቀ አይባልማ። ባለ ሳውንዱን ሄጄ «ቀንስልን» ብለው «ጋሼ፣ ወደ ኋላ ይቀመጡ» አለኝ።

ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ እንዳደርግ መክሮኛል። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን የያዘኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። መነጽር ያደረገ ሰው አገሩ ሁሉ «ምሁር» ይለዋል፤ ጆሮው ላይ መሣሪያ ያደረገውን ግን ምን እንደሚለው እናንተም ታውቃላችሁ። ቃሉ ስድብ ሆኖ ከኖረ ስንት ዘመኑ! እኔም በዚህ ዓምድ ላይ፣ የማይሰሙ ባለሥልጣናትን ለመንካት ስል፣ ሁለት ሦስቴ ሳልጠቀምበት አልቀረሁም።

ለባለቤቴ የነገርኋት መኪና ውስጥ ነው። ሌላ የት እነግራታለሁ? ከሳሪስ እስከ ቦሌ ድረስ ዝም አለች። ልትስቅ ነው ወይስ ልትቆጣ ስል «ዐሥር ቀን ሙሉ ብቻህን?» አለች። ስለ ጆሮው አንድም ቃል አልተናገረችም። ማታ ቴሌቪዥን ከፍቼ ስቀመጥ እንደ ወትሮዋ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል መጣችና ቆም አለች። ከዚያ በፊቴ አልፋ በቀኜ ተቀመጠች።

አምፑን ከመመለሴ በፊት ባለው እሑድ ሁሉንም ነገር እንደገና ዘረጋሁት። ለእኔ ስቴሪዮ እንደ ድሮው ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ፤ የግራውን አምፕ ብጨምረው ልጄ ትጮኻለች፤ ካልጨመርሁት ለእኔ ጋቢ ነው። የመሃሉ ወንበር ላይ ባለቤቴን አስቀመጥኋትና እኔ ጥግ ላይ ቆምሁ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ድምፁ በየት እንደመጣ በጣትሽ አሳዪኝ» አልኋት። የክሩን እርጅና አጋማሽ ላይ አድርጌ አንዲት ኖታ ብቻ መታሁ።

ጣቷ ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። ከዚህ በኋላ እኔ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም፤ ክፍሉ ፀጥ ብሏል። የእሷ ጣት ግን ወደ ግራ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ቀኝ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ እርግጠኛ እንዳልሆነ ሰው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ግራ።